ማንም ያልሰጠመበት ወንዝ

ይህ ነገር የሆነው ስም በሌላት ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን የማልጠራው ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። የቆረቆሯት ሰዎች ስም የሚያወጣ ጉባኤ ሰይመው ነበር፤ ጉባኤው እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ገና አልተስማማም። ስለዚህ እኛ ነዋሪዎቿ «ከተማዋ» እንላታለን። ደብዳቤም ሳይጠፋ ይደርሰናል።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሚዛን ቤት በር ፊት ለፊት ስለሆነች የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ። በዓይኔ ያላየሁትን ደግሞ ወይዘሮ ይርገዱ ራሷ ነግራኛለች፤ እሷ ነገር ማጋነን የማይሆንላት ሴት ናት።

ይርገዱ የመሻገሪያው ጠባቂ ነበረች። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ቁጡ ወንዝ አለ። ገበያው፣ ሐኪሙና ትምህርት ቤቱ ወዲህ ናቸው፤ ታች ሰፈር ማዶ ነው። ድልድይ የለም። የድልድዩም ጉባኤ በየማክሰኞው እንዲሰበሰብ ተወስኖ ነበር፤ አዳራሹ ግን በስም አውጪዎቹ ተይዟል። ያለን ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ወፍራም ገመድ ነው፤ ታንኳው በዚያ ገመድ እየተጎተተ ሰው ያመላልሳል።

ገመዱን ያዘረጋችው ይርገዱ ናት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በአንድ ክረምት አሥራ ሰባት ሰው ሰጠመ፤ ከአሥራ ሰባቱ አንዷ የይርገዱ ታናሽ እህት ነበረች። በዚያ ዓመት ሚዛን ቤት ለወንዙ ዳር ሰዎች ችሮታውን አትረፍርፎ ሰጠ። ይርገዱ ሐዘኗን ሳትጨርስ ገመድ ገዛች፣ ታንኳ አሠራች፣ ሁለት ጎታቾች ቀጠረች። በቀጣዩ ዓመት የሰጠሙት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ችሮታውም በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልሰጠመም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም ለይርገዱ ሰባራ ሳንቲም አልተሰጣትም። መጀመሪያ ላሟን፣ ቀጥሎ የአንገት ሀብሏን፣ በመጨረሻም የቤቷን ቆርቆሮ ግማሹን ሸጣ ጎታቾቿን ከፈለች። በግማሽ ቤቷ ዝናብ ይገባል፤ በግማሹ እሷ ትኖራለች።

ስለ ሚዛን ቤት ደግሞ ይህን ማወቅ አለባችሁ። ከተማዋ ከገበያ ቀረጥ ላይ በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ታስቀምጣለች፤ ችሮታ ይባላል። ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ ዘጠኝ ቤቶች አሉ፤ መሻገሪያው፣ የእሳት ጠባቂዎቹ፣ የአረጋውያን ቤት፣ የአዋላጆቹ፣ የጉድጓድ ጠራጊዎቹና ሌሎቹም። ዘጠኙም ያችኑ ጥቂት ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሰባት መዛኞች በሊቀ መዛኙ ሰብሳቢነት ተቀምጠው ለማን እንደሚገባ ይፈርዳሉ። በበሩ ድንጋይ ላይ «ችሮታ ለባሰበት» የሚል ተቀርጿል። የባሰበት ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እንባ ይለካል። እያንዳንዱ ቤት አልቃሾቹንና ምስክሮቹን ይዞ ይገባል፤ እንባ ቆጣሪው በየዓይኑ ሥር ብልቃጥ እየያዘ ይቀበላል፤ ይመዘግባል። ማጭበርበር እንዳይኖር በሩ ላይ እጅ የሚያሸት ዘበኛ ቆሟል፤ «ሽንኩርት ነክቶ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያም አለ። በዚያ ሰሞን የከተማዋ አልቃሾች በሙሉ ሚዛን ቤት ስለሚውሉ፣ የሚሞት ሰው ቢኖር ያለ ለቅሶ ይቀበራል።

እንግዲህ ይርገዱ ያን ዓመትም ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ገባች። አልቃሽ አልቀጠረችም፤ የምትቀጥርበት አልነበራትም።

«ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ሰጠመ?» አሏት ሊቀ መዛኙ።

«ማንም አልሰጠመም።»

«ካቻምናስ?»

«ማንም።»

ሊቀ መዛኙ በሐዘኔታ ተመለከቷት። «ታዲያ ምን ሆንኩ ብለሽ መጣሽ?»

«ገመዱ አርጅቷል ጌታዬ። መሐሉ ላይ ሦስት ቦታ ሳስቷል። የሚመጣውን ክረምት አይችልም።»

«ይበጠሳል ነው የምትዪው?»

«አዎ።»

«እስካሁን ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም።»

«እንግዲያው ሲበጠስ ነይ» አሉ። በክፋት እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ድመት መንገድ እስክታቋርጥ ድረስ ሠረገላቸውን አቁመው ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይርገዱ እጅ ነስታ ወጣች። ደረጃው ላይ እንባ ቆጣሪው ተከትሏት ደረሰ። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ብልቃጦቹ በኪሱ ውስጥ ይንኳኳሉ።

«እመቤቴ፣ በየዓመቱ ስትመላለሺ አንጀቴን ትበዪኛለሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ሰው ይበቃሻል። ሦስት ከሆነማ አዲስ ታንኳ ሁሉ ይጨመርልሻል።»

«ምን ዓይነት ሁለት ሰው?»

«እኔ ግደዪ አላልኩም። ገመዱን ፍቺውም አላልኩም። ሁልጊዜ ያን ያህል አጥብቀሽ አትሰሪው ነው የምልሽ።»

ይርገዱ ደረጃውን ወርዳ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ግን ቃሉ እንደ ተረከዝ እሾህ ይወጋት ነበር። ገመዱ በዚያም በዚህም መበጠሱ አይቀርም፤ ሲበጠስ ታንኳው ሙሉ ሰው ይዞ ይሆናል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ሰው። አሁን ሁለት ሰው ቢሆን ግን አዲስ ገመድ ይመጣል፣ ሠላሳው ይተርፋል። እንዲህ እያለች ታሰላ ጀመር። ስሌቱ ደግሞ የትም ቦታ ላይ አይሳሳትም። ያስፈራትም መሳሳት አለመቻሉ ነው።

ከቀትር በኋላ ወንዙ ዳር ደረሰች። ገመዱ የሚታሰርበት ምሰሶ አጠገብ ቁጭ አለች። ልማዷ ገመዱን በምሰሶው ላይ ሦስት ዙር ጠምጥማ ማሰር ነው። ያን ዕለት ሁለት ዙር ጠመጠመች። ሦስተኛውን ልጨምር አልጨምር እያለች ጫፉን በእጇ እንደያዘች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የቆሎ ቅርጫት ተሸክማ መጣችና ታንኳው ላይ ወጣች። ጎታቾቹ መጎተት ጀመሩ።

ታንኳው መሐል ወንዝ ሲደርስ ውኃው ገፋው። ገመዱ አቃሰተ። ይርገዱ ጥምጥሙ አንድ ጣት ያህል ሲንሸራተት አየች፤ ከዚያም ሌላ አንድ ጣት። ያን ጊዜ ስሌቱ ሁሉ ከራሷ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ዘልላ ተነሥታ ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ እግሯን ምሰሶው ላይ ተክላ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ሄደ፤ አልለቀቀችም። ሴትዮዋ ምንም ሳታውቅ ማዶ ወረደች፤ ዞር ብላም እጇን አወዛወዘችላት።

ይርገዱ ሦስተኛውን ዙር ጠምጥማ አሰረች። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባ ቆጣሪው በዚያ ቢኖር ኖሮ ብልቃጥ አይበቃውም ነበር።

በማግስቱ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ ሱቅ መጣች፤ የጎታቾቹ ጫማ ተቀድዶ ነበር። የእሳት ጠባቂዎቹ አለቃ አቶ ጓንጉል ቀድሟት ተቀምጧል። ፍርዱ የሚሰጠው ከሳምንት በኋላ በሚዛን ቀን ቢሆንም፣ የዘንድሮው ችሮታ የጓንጉል እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። በእሱ ቀበሌ እሳት ተነሥቶ ሦስት ጎጆ ወድሟል፤ አልቃሾቹ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ሞልተዋል። ለስምንቱ ጠባቂዎቹ ጫማ ሊያዝ ነበር የመጣው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው ይርገዱ።

ጓንጉል መሬት መሬት ያያል። እኔ መዶሻዬን አንሥቼ መምታት ጀመርኩ፤ ሰው ሊናገር ሲል ጫማ ሰፊ እንዲህ ያደርጋል።

«እስከ መቶ ቆጠርኩ፣ እትዬ» አላት።

«ምኑን?»

«ጭሱን አየሁት። የደወሉ ገመድ እጄ ላይ ነው። አምና እሳት አልተነሣም ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ልጆቹ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ሠርተውልኛል። አንድ ጎጆ ብቻ፣ እስከ መቶ ብቻ አልኩ። መቶ ላይ ስደርስ ሦስት ጎጆ ሆኗል። እማማ ደብሪቱ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁለት እጃቸው ተቃጠለ። አሁን ጭቃ መያዝ አይችሉም።»

ይርገዱ ጨርቁን ፈትታ መዳፏን አሳየችው።

«እኔ ደግሞ ትናንት ሁለት ዙር ብቻ ነበር ያሰርኩት» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ስትነግረው ጓንጉል ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን ይሻለናል?»

«እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ። እኔ ደግሞ ሌሎቹን ልጥራ። እኛን እንዲህ ያደረገን ነገር እነሱንም ሳያደርጋቸው አይቀርም።»

ጓንጉል በዚያው ሄደ። አሮጊቷ በጎረቤት ቤት ተኝተው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እማማ ደብሪቱ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ሰሙት፤ ሲጨርስ፣ «ሃምሳ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት?» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጓንጉልን ከእርግማን ሁሉ የከበደው ይህ ነው።

ዘጠኙ ቤቶች በአረጋውያን ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። መምጣታቸው ለስምምነት አልነበረም፤ ማን ምን ይዞ እንደሚቀርብ ለመሰለል ነበር። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ፋናዬ ሠላሳ አረጋውያን ታስተዳድራለች፤ አንደበቷ ስለት ነው።

ይርገዱ ነገሩን በአጭሩ አቀረበች። «እያንዳንዳችን እውነቱን እንናገር። ሁሉም ሳያጋንን፣ ሳያለቅስ፣ ዓመቱን ለማለፍ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ይበል። ተካፍለን አንድ ወረቀት ይዘን እንግባ።»

መጀመሪያ አዋላጆቹ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ጉድጓድ ጠራጊዎቹ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም። ሲደመር ከችሮታው በሲሶ በለጠ። ግቢው ተንጫጫ። አንዱ የአንዱን ሥራ ማናናቅ ጀመረ፤ ጉድጓድ ጠራጊው አዋላጆቹን፣ «ሴት ድሮም ትወልድ ነበር» አላቸው፤ አዋላጆቹም ውኃ ድሮም ከሰማይ ይወርድ እንደነበር ነገሩት።

ፋናዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ይኸው፤ ለዚህ ነው መዛኝ የሚያስፈልገው። ሲሶው ከማን ይጎደል? ከኔ ሽማግሌዎች ራት?»

ያን ጊዜ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት እማማ ትርንጎ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እማማ ትርንጎ የአልቃሾች አለቃ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም ነበር፤ የተሰበሰበ ሰው ሲያዩ የለቅሶ ልምምድ መስሏቸው ነው የገቡት።

«ሲሶው እኔ ጋ ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ፋናዬ፣ አምና ላንቺ ሁለት ቀን ከአምስት ረዳት ጋር አልቅሻለሁ። ለጓንጉል ዘንድሮ ሦስት ቀን። ለአዋላጆቹ፣ ለጠራጊዎቹ፣ ለሁላችሁም አልቅሻለሁ። የኔ ዋጋ አለ፤ የጥቁር ጨርቁ አለ፤ የምስክር ማመላለሻው አለ፤ ስንት ሰው እንደተጎዳ የሚጽፈው ጸሐፊ አለ። ሂሳቡን አውቀዋለሁ፤ አሁን በደመራችሁትም ውስጥ ገብቷል። ችሮታ ከምታገኙት ላይ ሲሶው የሚሄደው ችሮታ ለማግኘት ነው።»

ከውስጥ የአንድ አዛውንት ሳል ብቻ ይሰማል።

«ይህን ቢነግሩን እርስዎ ከሥራ አይወጡም?» አለች ፋናዬ፤ አሁን ድምፅዋ ለዝቧል።

«እወጣለሁ። ግን ባለፈው ዓመት ባሌ ሞተ። በሚዛን ሰሞን ነበር። ሬሳው ፊት ቆሜ አንድ ጠብታ እንባ አጣሁ፤ ለናንተ አልቆ ነበር። አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው በደረቅ ዓይን ቀበርኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከእንግዲህ ለራሴ ላስቀምጥ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ተከራከሩ፤ ክርክሩ ግን ሌላ ዓይነት ሆነ። አንዱ ከራሱ ላይ ሲቀንስ ሌላው ተሽቀዳድሞ ይቀንስ ጀመር፤ ይርገዱ አንዳንዱን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ከቀነስክማ በምን ልትሠራ ነው?» እያለች ትመልስ ነበር። የመሻገሪያው አዲስ ገመድ ሙሉ ዋጋ ተያዘ። ፋናዬ ጣቷን ቀለም ውስጥ ከማስገባቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እማማ ደብሪቱ በእሷ ቤት አልጋ እንዲያገኙ። ዘጠኝ የጣት አሻራ በአንድ ወረቀት ላይ አረፈ።

የሚዛን ቀን ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘጠኙ ቤቶች የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ያለ አልቃሽ፣ ያለ ምስክር ቆመዋል። እጅ የሚያሸተው ዘበኛ ሥራ ፈትቶ የራሱን እጅ ያሸት ነበር።

«እንባችሁን አቅርቡ» አሉ ሊቀ መዛኙ።

ይርገዱ ወረቀቱን ይዛ ወደ ፊት ወጣች። «እንባ የለንም ጌታዬ። ተስማምተናል። ድርሻችን ይህ ነው።»

ሊቀ መዛኙ ወረቀቱን አገላበጡ። «ክርክሩ የታለ?»

«የለም።»

«ክርክር ከሌለ እኛ ምን እንመዝናለን?»

ሊቀ መዛኙ የሕግ አንባቢውን ጠርተው ይህን የሚከለክል አንቀጽ እንዲፈልግ አዘዙ። አንባቢው መጽሐፉን ሲገልጥ አቧራው አስነጠሰው። ብዙ ገጽ ካገላበጠ በኋላ ፊቱ ተለወጠ፤ ያነበውንም ደግሞ ለራሱ አነበበው።

«ጮክ በል» አሉት።

«አንቀጽ ስልሳ ሁለት። ባለጉዳዮች ሳይገደዱ ከተስማሙ መዛኞች ይመሰክራሉ እንጂ አይመዝኑም። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቢያፈገፍግ ግን ስምምነቱ ፈራሽ ነው።»

ሊቀ መዛኙ ፈገግ አሉ። ወደ ጓንጉል ዞሩና እንደ አባት ተናገሩት። «ልጄ፣ ሕጉ ካላሰረኝ ዛሬ የምፈርደው ላንተ ነበር። ድርሻህን አይደለም፤ ችሮታውን በሙሉ። አሥራ ሁለት ብልቃጥ ሞልተሃል። ለስምንቱ ሰዎችህ የዓመት ደመወዝ፣ አዲስ ደወል፣ አዲስ ማማ። አፈገፍጋለሁ በለኝ።»

ይርገዱ ጓንጉልን አላየችውም፤ ካየችው የምታስገድደው መስሏት ነው። ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

«አሥራ ሁለቱ ብልቃጥ የተሞላው እኔ ደወሉን ይዤ እስከ መቶ በመቁጠሬ ነው» አለ ጓንጉል። ከዚያ ሁሉንም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገረ፤ ጭሱን፣ ስሌቱን፣ ሦስቱን ጎጆ። ሰው ሲያጉረመርም አላቋረጠም። «የሚገባኝ ቅጣት ካለ ቅጡኝ። በዚያ እንባ ግን ገንዘብ አልወስድም። አላፈገፍግም።»

ከኋላ በኩል እማማ ደብሪቱ ተነሡ። የታሰሩ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። «እኔ ከሳሽ ሆኜ አልመጣሁም» አሉ። «ይቅር ማለቴንም ገና አላውቀውም። ደወሉ ግን ጭስ በታየ ጊዜ እንዲደወል እፈልጋለሁ። የሚያስቆጥረውን ነገር አንሡለት።» ተመልሰው ተቀመጡ።

ሊቀ መዛኙ አንድ ዕድል ቀርቷቸዋል። «ወይዘሮ ፋናዬ፣ ሠላሳ ሽማግሌዎች አሉሽ። ሁሉንም ላንቺ ላድርገው?»

«ሁሉንም ማለት ስንት ነው?» አለች ፋናዬ። ነገሯት። ፋናዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ በልቧ ሠላሳ ብርድ ልብስ ስትዘረጋ የታየኝ መሰለኝ። እኔ ራሴ ትወስደዋለች ብዬ ነበር።

«የኔ ሽማግሌዎች ልጆቻቸው ታች ሰፈር ናቸው» አለች በመጨረሻ። «እሑድ እሑድ በታንኳ እየተሻገሩ ይጠይቋቸዋል። ያለ ብርድ ልብስ አንድ ክረምት ይችላሉ፤ ያለ ልጆቻቸው ግን አይችሉም። አላፈገፍግም።»

ሊቀ መዛኙ የቀሩትን ሰባቱን አንድ በአንድ አዩ። ሰባቱም አዩአቸው። ከዚያ ብዕሩን አንሥተው፣ «የምስክር ቦታ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከተሾሙ ጀምሮ በዚያ በኩል ፈርመው አያውቁም ነበር። አንባቢው በጣቱ አሳያቸው፤ ፈረሙ። ፊታቸው ላይ የተሸነፈ ሰው ገጽታ ፈልጌ አጣሁ፤ ሸክም የወረደለት ሰው ነው የመሰሉኝ።

እልልታው የሚዛን ቤትን ጣሪያ ነቀነቀው። አዋላጆቹ ጉድጓድ ጠራጊውን አቅፈው ሳሙት። ጎታቾቹ ይርገዱን በትከሻቸው አነሡአት፤ አውርዱኝ ብትል ማን ሰምቷት። ያን ጊዜ ሁሉም አለቀሱ፤ እማማ ትርንጎ እንኳ፣ ያለ ክፍያ። እንባ ቆጣሪው በልማድ ብልቃጡን ይዞ ቢጠጋም ይህን ዓይነቱን እንባ በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘግበው መዝገቡ ስለማያሳይ፣ ቆሞ ቆሞ ወደ ኪሱ መለሰው።

አዲሱ ገመድ ከመጀመሪያው ዝናብ አንድ ወር ቀድሞ ተዘረጋ። እንደ ሰው ክንድ ወፍራም ነበር። ቤቶቹም መሰብሰባቸውን አልተዉም፤ ማማው ላይ ያለው የጓንጉል ሰው ከእሳት ሌላ ወንዙንም እንዲያይ ተስማሙ፤ ፋናዬም በክፉ ቀን ግቢዋን ለታች ሰፈር ሰዎች እንድትከፍት ቃል ገባች።

ክፉው ቀን በሐምሌ መጣ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፤ በአራተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ወንዙ ገንፍሎ ታች ሰፈር ውስጥ ገባ። ደወሉ ወዲያው ተደወለ። ሽማግሌዎች እንኳ እንዲያ ያለ ውኃ አይተው አያውቁም ነበር። ይርገዱ ምሰሶው አጠገብ ስትደርስ ጎታቾቿ ቆመው ይጠብቋታል፤ ወዲያው ጓንጉልና ስምንቱ መጡ፤ ጠራጊዎቹ መጡ፤ እኔም መጣሁ። ገመዱን ይዘን ጎተትን። ታንኳው እየሞላ መጣ፣ ባዶውን ተመለሰ፣ እየሞላ መጣ። አንድ ጊዜ ቀና ስል ከፊቴ የሚጎትቱት ካባቸውን ወገባቸው ላይ የቋጠሩት ሊቀ መዛኙ ነበሩ። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም ሂዱ አላላቸውም። አዋላጆቹ ሕፃናቱን ይቀበላሉ፤ ፋናዬ በሩን በርግዳ እሳት አንድዳለች።

ፀሐይ ደመናውን ጥሳ ስትወጣ የመጨረሻው ታንኳ ዳር ነካ። ማዶ ውኃና የጣሪያ ጫፍ ብቻ ቀረ። ይርገዱ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ክንዷን ማንሣት አቅቷት ነበር። እንባ ቆጣሪው ልብሱ ከላዩ እየተንጠባጠበ፣ የረጠበ መዝገቡን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እመቤቴ፣ ስንት ሰው ተሻገረ?» አላት። «ለመዝገቡ ነው።»

ይርገዱ ወደ ማዶ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ኋላዋ፣ ዳገቱን ሞልቶ ወደ ፋናዬ ግቢ ወደሚወጣው ሕዝብ ዞረች።

«ሁሉም» አለችው።

እንባ ቆጣሪው ትንሽ አሰበና፣ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ላይ እንደነገረችው አድርጎ ጻፈው።